ከገዛ እጅ የማይበላ ቁርስ

— ሄሎ? … ሄሎ! … ማን ልበል? … ቆይ፣ ቆይ አንዴ፣ እጄ በሙሉ ዓሣ ነው፣ ስልኩ እየሾለከኝ ነው … ይኸው። በትከሻዬ ያዝኩት። ማነው?

— ፔኒና! … አንቺ! እኔ እኮ አውሮፕላን ላይ ነሽ ብዬ! … የት? … አሁንም ዴንቨር? … ኧረ ይሄ በረዶ ምን በደልነው! … እና መቼ ይነሳል አሉሽ? … «እናያለን» ነው ያሉት? እነሱማ ምን ቸገራቸው፣ የሞተው የእነሱ ወንድም አይደል።

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? … እ፣ አሁን ሰማሁሽ። ድምፅሽ እየሄደ እየመጣ ነው።

— አዎ። … አዎ፣ ፔኒና። ተፈጸመ። ናፍታሊን ቀብረነው መጣን። … አሁን ገና መግባታችን ነው።

— …

— አልቅሺ። … አይ፣ አልቅሺ እንጂ፣ እዚያ ማን ያውቅሻል? ኤርፖርት የተሠራው ለዚህ ነው፤ ግማሹ ሰው ሲሸኝ ያለቅሳል፣ ግማሹ ሲቀበል። … እኔ? እኔ አላለቀስኩም። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለሆነ አይታወቅም።

— ብርድ ነበር። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። መሬቱ እንደ ብረት ሆኖ … አዎ፣ እንደ ሥርዓቱ። አፈሩን መጀመሪያ በአካፋው ጀርባ ነው የመለስንበት፣ እንዳልቸኮልን እንዲታወቅ። እናትሽ ሦስቴ መለሱ። ከዚያ አካፋውን መሬት ላይ ሰኩት። ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም አይደል … እኔም ከመሬቱ ነቅዬ አነሳሁት። … አዎ መለስኩበት። ምን ላድርግ? ቆሜ ልይ?

— ሳሎን ናቸው። በርጩማው ላይ። … ሁለት በርጩማ ነው የመጣው፣ አንዱ ለእናትሽ፣ አንዱ ላንቺ። ያንቺው ባዶውን ቁጭ ብሏል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱን ነው የሚያየው። … ምንም አይናገሩም። እሳቸው ካልተናገሩ ደግሞ ማንም አፉን አይከፍትም፣ ታውቂዋለሽ ሥርዓቱን። ሳሎኑ ጢም ብሏል፣ የሚሰማው ግን የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ነው። … መስታወቱን ሸፍነናል። በአልጋ አንሶላ። አበባ ያለበት አንሶላ ነው፣ ሌላ አላገኘሁም፣ ይቅር በይኝ።

— እኔማ ኩሽና ነኝ። … ቤግል ነዋ የምሠራው! ሌላ ምን እሠራለሁ? እንቁላል፣ ክቡ ዳቦ ቤግል፣ በጢስ የታጠነ ሳልመን። የሐዘንተኛ ቁርስ። … ሳልመኑን እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ከሱቄ። ግማሽ ጎን ሙሉ፣ ከሆዱ በኩል፣ ጨው የማይበዛበቱን። እሱ የሚወደውን። … አዎ። ዛሬ እሑድ አይደል? በእሑድ ምን እንደሚገዛ አውቃለሁ።

— ቆይ … ወይዘሮ ብሉማ! እንቁላሎቹን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይክተቷቸው እንጂ! እንደዚያማ ቅርፊቱ ግማሹን ይዞት ይሄዳል! … ቀዝቃዛ! … ኧረ ቀዝቃዛ ነው ያልኩት! … ብሉማ ናቸው፣ ፔኒና፣ አምስተኛ ፎቅ ያሉት። ጆሯቸው ከጥርሳቸው ጋር አብሮ የወጣ ይመስለኛል። ግን እግዜር ይስጣቸው፣ ከመቃብር ስንመለስ በር ላይ የእጅ መታጠቢያውን ማሰሮ ይዘው የጠበቁን እሳቸው ናቸው።

— ምን? … ለምን እኔ? … ማን ይሥራው ታዲያ? እኔ እኮ ሐዘንተኛ አይደለሁም፣ ፔኒና። … አይ፣ አይደለሁም! የሐዘኑን ሕግ አንብቤዋለሁ። እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል፣ ሚስት። አለቀ። ከቂጣው በዓል በኋላ ልታገባው የነበረች የሚል የለበትም። … የለም ስልሽ! ከሳልመኑ ጀርባ ቆሜ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ለምን መሰለሽ? እናትሽ አንድ ቀን «እሷ ምን ታውቃለች» እንዳይሉኝ ነው። እና ይኸው አወቅኩ። ያወቅኩት እኔን የማይመለከተኝ መሆኑን ነው።

— አልተቆጣሁም። … ይሄ ድምፄ ነው፣ ምን ላድርገው።

— እሺ ልንገርሽ? ልንገርሽና አትቆጪ? … መቃብሩ አፋፍ ላይ፣ ረቢው የሐዘንተኛ ልብስ የሚቀደድበትን መቀስ ይዞ መጣ። የእናትሽን የካፖርት ኮሌታ በቀኝ በኩል ሸረከተው፤ እሳቸው በእጃቸው ጨርሰው ቀደዱት። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ከዚያ ረቢው ወደኔ ዞረ። ሰውዬው አያውቀኝም፤ አጠገባቸው ቆሜ ሲያይ ጊዜ … መቀሱን አነሳ። እኔም ኮሌታዬን አወጣሁለት፣ ፔኒና። አገጬን ቀና አድርጌ አወጣሁለት። «እሷስ ማን ናት?» አላቸው። እናትሽ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ?

— «ጓደኛው ናት።»

— …

— አዎ። ጓደኛው። እንደዚያ ነው ያሉት። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰላም የምትለው ሰው ማለት ነው። ረቢው መቀሱን ኪሱ ከተተው። እኔም ኮሌታዬን መለስኩ። ከዚያ ሰው በሁለት ረድፍ ቆመ፣ ሐዘንተኛ መሃል ለመሃል እንዲያልፍ። እኔ የት ልቁም? ረድፉ ውስጥ ቆምኩ። ከአጽናኞቹ ጋር! እናትሽ ብቻቸውን በመሃል ሲያልፉ፣ እኔም እንደ ማንኛውም የሰፈር ሰው «ከጽዮን ሐዘንተኞች ጋር ያጽናዎ» አልኳቸው። … አይ፣ አላዩኝም። መሬት መሬት እያዩ አለፉ።

— አውቃለሁ ልጃቸው ነው። … አውቃለሁ ስልሽ! ባላቸውም ልጃቸውም እዚያው ጎን ለጎን የተቀበሩባቸው ሴት ናቸው፣ እኔ ድንጋይ አይደለሁም። ግን አንድ ቃል እኮ ነው። «እጮኛው ናት» ቢሉ ምን ይጎድልባቸዋል? … አልወጣላቸውም? እንዴት ነው የማይወጣው፣ «ጓደኛ» ወጥቶ የለ እንዴ!

— ስለዚህ ስሚኝ። ይሄን ቤግል እሠራለሁ። ከናፍታሊ በኋላ እጄ የሚያውቀው ይሄንኑ ነው። ሠርቼ፣ ሳህኑን ሞልቼ፣ ለብሉማ እሰጥና በኋላ በር እወጣለሁ። ካፖርቴንም አላወለቅኩም። … ለብሼ ነዋ የምከትፈው። … አዎ ሞቆኛል፣ ታዲያስ? ሰባቱን የሐዘን ቀን የእናትሽ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተለጥፌ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» እስኪሉኝ አልቀመጥም። ኩራቴን አልቀበርኩም እኔ። እሱን ብቻ ነው የቀበርኩት።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ፔኒና? … አለሽ? … መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

— ምንድነው የሚሰማው? ቢላው ነው። ሳልመኑን እየቆረጥኩ ነው። … አግድም፣ ወደ ጅራቱ፣ መዳፍሽን ዓሣው ላይ ዘርግተሽ፣ ቢላው ራሱ እንዲሄድ ትተዪዋለሽ። ከገፋሽው ይቀደዳል። … ወንድምሽ እኮ መጀመሪያ ሱቁ የመጣ ቀን፣ ነግሬሽ የለ? ሰልፉ በር ድረስ። «ቀጠን አድርጊው» አለኝ። ቀጠን አደረግኩ። «ትንሽ ቀጠን» አለ። «ጌታው፣ ሊበሉት ነው ወይስ ጋዜጣ ሊያነቡበት?» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ ግን ዝም ብሎ ከፍሎ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ጋዜጣ ይዞ መጣልሽ! ቁራጩን ከእጄ ተቀብሎ ጋዜጣው ላይ ዘረጋና፣ በሰልፉ ፊት፣ በዓሣው ውስጥ አሻግሮ ማንበብ ጀመረ፦ «ነገ ብርዳማ ሆኖ ይውላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ብቅ ትላለች።» … አዎ! ጋዜጣውንም ዓሣውንም አበላሽቶ! ከኋላው ያሉት አሮጊቶች «ወይ አግቢው ወይ አስወጪው» ብለው ጮሁ።

— እና ላገባው ነበር። … ላገባው ነበር፣ ፔኒና። ቀለበቱን ሲያወጣ «ቆይ ጣቴ ዓሣ ይሸታል፣ ልታጠብ» ስለው፣ «እኔ እኮ ለሽታው ነው የመጣሁት» ነው ያለኝ። … አውልቄዋለሁ። አሁን፣ ለሥራው ብዬ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነው። … እሺ፣ ለሥራው ብቻ አይደለም።

— አንዴ ቆይ፣ ቤግሎቹ … ተጠበሱ። ሰሊጥ ያለባቸው ናቸው፣ እናትሽ የሰሊጡን ነው የሚወዱት አይደል? … ቤግሎቹ? ከየት እንዳመጣኋቸው? … ከፍሪዘሩ ነዋ። … ከዚህ ቤት ፍሪዘር። እናትሽ …

— ወይኔ።

— ወይኔ ጉዴ፣ ፔኒና! … አውቃለሁ! አታንብቢልኝ፣ አውቃለሁ! «ሐዘንተኛ ከቀብር መልስ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከገዛ ቤቱ አይበላም፣ ጎረቤት ነው የሚያበላው»! እኔው ነኝ እኮ ይሄን ለናፍታሊ አንብቤ ያስረዳሁት! እና የእናትሽን ዳቦ መልሼ ለእናትሽ ላበላ ነበር! … ምን ነካኝ? ምን ነካኝ እኔን? እንደው ፍሪዘሩን ስከፍት ከረጢቱን አየሁት፣ የሱን ከረጢት … ዝም ብዬ አነሳሁት።

— ወይዘሮ ብሉማ! ወይዘሮ ብሉማ፣ እርስዎ ቤት ቤግል አለ? … ቤግል! ክቧ ዳቦ! … አለ? ዛሬ የገዙት? … አይ እግዜር ይስጥዎ! ይውጡና ያምጡልኝ፣ እነዚህ የወይዘሮ ሺፍራ ናቸው፣ ለእሳቸው አይሆኑም። … አዎ! … በአሳንሰሩ ይሂዱ እንጂ ለምን በደረጃ! … ሄዱ። በደረጃ። ጆሯቸው አይሰማም እንጂ እግራቸው የአሥራ ስድስት ዓመት ነው።

— …

— ፔኒና፣ እነዚህ ቤግሎች … ናፍታሊ የገዛቸው ናቸው። ያለፈው እሑድ። ለእናቱ አምጥቶ ፍሪዘር ከተታቸው። … በምን አወቅኩ? ሰንጥቋቸዋል እኮ። ሳያቀዘቅዛቸው በፊት ይሰነጥቃቸው የለ? «እናቴ በረዶ የሆነ ዳቦ ስትሰነጥቅ እጇን እንዳትቆርጥ» ብሎ። እናም እንደልማዱ ጠማማ። አንዱ ጎን እንደ ፍራሽ ይወፍራል፣ ሌላኛው እንደ ቅጠል። ስንቴ ነግሬዋለሁ፣ ቢላውን አግድም ያዝ፣ ዳቦውን አታዙር … አንድ ቀን ቀጥ አድርጎ ሰንጥቆ አያውቅም።

— አሁን እጄ ላይ ናቸው። ይሄን ጠማማ ነገር የሠራ እጅ እኮ ዛሬ … 

— …

— አይ፣ አለሁ። … አለሁ ስልሽ።

— ምን ላድርጋቸው? ልጥላቸው? … እ? … አስቀምጪልኝ ነው ያልሺው? … እውነትሽን ነው። የተከለከለው የዛሬው ጉርሻ ብቻ ነው። ነገ የራሳችሁንም መብላት ትችላላችሁ። … እሺ። እሺ፣ አስቀምጥልሻለሁ። ሁለቱን ጠብሻቸዋለሁ፣ ይቅርታ፣ ይደርቃሉ፤ የቀሩትን መልሼ አስገባቸዋለሁ። ስትመጪ ትበያቸዋለሽ። … «አብረን»? … ወደዚያ ነገር አንመለስ፣ ፔኒና። እሄዳለሁ ብዬሻለሁ።

— መጡ ብሉማ። … ይህን ሁሉ? ወይዘሮ ብሉማ፣ ሰፈሩን ሊያበሉ ነው እንዴ? … ይህቺን ለብቻዋ ጠቅልለው ይዘዋል፣ ለማን ናት? … ለራስዎ? እሺ፣ እዚያ ያስቀምጧት።

— እሺ። እንግዲህ አሁን መስመር ይይዛል። እየሠራሁ አወራሻለሁ፣ አትዝጊው … አትዝጊው፣ እሺ? ቤቱ ዝም ብሏል።

— አይቡን እየቀባሁ ነው። በሁለቱም ጎን። … ናፍታሊ ነዋ በሁለቱም ጎን የሚለው፣ «አንዱን ጎን ብቻ የሚቀባ ሰው ጠላት አያጣም» ይል ነበር። ከዚያ ሳልመኑ፣ ሦስት ሦስት ቁራጭ፣ ተለጥፎ ሳይሆን ተሸብሸብ ብሎ። ቀይ ሽንኩርት፣ እንደ ወረቀት። እንስላል። ሎሚ ጠብ። ከዚያ ያቺ ጎምዛዛዋ አረንጓዴ ፍሬ፣ ኬፐሯ …

— …

— ቀዳዳውን ደፍኜዋለሁ።

— ቀዳዳውን እኮ። የቤግሉን ቀዳዳ። እሱ ያደርግ የለ? ትንሽ የሳልመን ቁራጭ ጠቅልሎ መሃሉን እንደ ውታፍ ይወትፈው ነበር፣ ኬፐሩ በቀዳዳው እየሾለከ ሱሪው ላይ እንዳይወድቅበት። … እኔ «ቀዳዳውን ካልወደድከው ለምን ዳቦ አትገዛም?» እለዋለሁ። … እና አሁን አየሁ፣ ሁሉንም ደፍኛቸዋለሁ። ሳላስበው። እጄ ራሱ ነው የሠራው። … ላውጣው እንዴ? ለሐዘን ክብ ነገር ይበላል ነው የሚባለው፣ ቀዳዳውስ … ቀዳዳው መታየት አለበት? … አታውቂም? እኔም አላነበብኩም። ይቅር። እንደሱ ይሁን። ለአንድ ቀን ቀዳዳው ይደፈን።

— ይውሰዱት፣ ወይዘሮ ብሉማ። ሳህኑን በሁለት እጅ። … መጀመሪያ ለወይዘሮ ሺፍራ። ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ! … ምንም አይበሏቸው፣ ዝም ብለው ፊታቸው ያቅርቡት። … አይ፣ እኔ አልገባም። ይግቡ።

— ሄዱ። … አንቺስ? በልተሻል? … ከትናንት ጀምሮ? … ለምን? … ፔኒና፣ ልክ ነሽ፣ አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ፣ ከገዛ ገንዘብሽ ገዝተሽ … እዚያ ጎረቤት ከየት ይመጣል? … አጠገብሽ ማነው የተቀመጠው? … ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ? ትልቅ ባርኔጣ? የከብት ነጋዴ ዓይነት? … እና ታዲያ! ዛሬ ጎረቤትሽ እሱ ነዋ! ንገሪው። … ምን ትይዋለሽ? «ወንድሜ ሞቶብኛል፣ በእኛ ወግ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሌላ ሰው ነው የሚገዛልን» በዪው። … አታፍሪ! የሚያሳፍረው ሞት እንጂ መብላት አይደለም። ሂጂ፣ እጠብቃለሁ።

— …

— እ? … ባርኔጣውን አወለቀ? … አየሽ? … ሄደ ሊገዛልሽ? አየሽ! ሰው አይጠፋም። … መጣ? ምን አመጣ? ቤግል አገኘ? … ምን ያለበት? … እንጆሪ? ቤግል ውስጥ እንጆሪ? ከስኳር ጋር? … ወይ ፈጣሪ! ናፍታሊ ቢሰማ አሁኑኑ ተነስቶ ይመጣ ነበር! …

— …

— እኔም እየሳቅኩ ነው። … አይ፣ ሳቅ አይደለም መሰለኝ። … ብዪው፣ ፔኒና። ሰውዬው ቆሞ እያየሽ ነው፣ ብዪለት። እንጆሪም ቢሆን ክብ ነው።

— እኔ? ከዓርብ ወዲህ አልቀመስኩም። አውቶቡስ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ አለ ብለው ሲደውሉልኝ ቁርሴ ፊቴ ነበር፣ እዚያው ተውኩት። … አዎ፣ እሺ፣ ትንሽ እቀምሳለሁ፣ መንገድ ላይ እንዳልወድቅ። ጫፉ ተርፏል፣ ወደ ጅራቱ ያለችው ደረቋ። የሱ ድርሻ። እሷን ሁልጊዜ ከመክተፊያው ላይ ሰርቆ … እሷን በልቼ ቢላዬን ጠቅልዬ እወጣለሁ። … አይ፣ አትለምኚኝ። ስትመጪ ስልክ ደውይልኝ፣ የትም ቦታ እንገናኛለን፣ ሱቁ …

— ቆይ።

— በርጩማው ተንቀሳቀሰ። … ሳሎን። አንድ ሰው ተነሳ … እናትሽ ናቸው የተነሱት። … እየመጡ ነው እኮ፣ ወደዚህ! ሐዘንተኛ አይነሳም አይደል? … አትዝጊ፣ እሺ? አትዝጊ።

— ወይዘሮ ሺፍራ … ለምን ተነሱ? ቢጠሩኝ እኮ … ምን ጎደለ? አይቡ በዛ? … እሱማ … አዎ፣ እኔ ነኝ የደፈንኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱ እንደዚያ ስለሚ … እርስዎ? … እርስዎ ነዎት ያስተማሩት?

— … ፔኒና፣ ቤግሉን ከፍተው ይዘውታል። ቀዳዳውን እያሳዩኝ ነው። ትንሽ ልጅ ሆኖ የሰንበት ሱሪውን እያበላሸ ሲያስቸግራቸው እሳቸው ናቸው ያስተማሩት … «ይሄን ከዚህ ቤት ሰው በቀር ማንም አያውቅም» … እንደዚያ ነው የሚሉኝ።

— አልበሉም እንዴ፣ ወይዘሮ ሺፍራ? … ቀምሰዋል። ደግ አደረጉ። … እኔማ ልሄድ ነው። ሁሉንም ጨርሻለሁ፣ ኩሽናውንም ጠራርጌዋለሁ። ይህቺን ልቅመስና …

— እንዴ! … ለምን? … ለምንድነው የማልበላው? … ጫፏ እኮ ናት! ለሰው የማትሰጥ፣ ድመት የምትበላት! … ወይዘሮ ሺፍራ፣ ይሄን ዓሣ በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት! በገዛ እጄ ቆረጥኩት! እሺ፣ ጓደኛው ነኝ፣ እሺ! የጓደኛ ድርሻ ይቺን አታህልም? ከእጄ ላይ የሚነጥቁኝ … 

— …

— ምን አሉ?

— …

— ይድገሙልኝ እስቲ። … እባክዎ።

— …

— … አለሁ፣ ፔኒና። አለሁ። … ምን አሉ? … እናትሽ … ቆይ፣ ልተንፍስ። … «በገዛ እጅሽ የሠራሽው ስለሆነ ነው የማትበዪው» አሉኝ። «ሐዘንተኛ ከገዛ እጁ አይበላም፤ አንብቤያለሁ እያልሽ ይቺን አታውቂም?» አሉኝ። … እንደሱ ነው ያሉት። በቁጣ። በዚያ በቁጣቸው። … ዓሣዋን ነጥቀውኝ መዳፋቸው ውስጥ ይዘዋታል፣ ፔኒና።

— አልጠየቅኳቸውም። ስለ መቃብሩ እኔ አላነሳሁም። … እሳቸውም አላነሱም። … ኮሌታዬን እያዩ ነው። … ይዘውታል። በቀኝ በኩል …

— …

— ሰማሽው? … አዎ። እሱ ነው። መቀስ አይደለም፣ በጥርሳቸው ጀምረው በእጃቸው ነው የቀደዱት። … አዲስ ካፖርት ነበር። … ምን ላድርገው እሱን!

— እሺ፣ እማማ። … እሺ። … መጣሁ። … የፔኒና በርጩማ ላይ? እሷ ስትመጣስ? … ፔኒና፣ ሌላ በርጩማ ከታች ይበደሩልሻል ይላሉ። … ተቀምጫለሁ። ዝቅ ይላል፤ ከዚህ ሆኖ ሲታይ ሰው ሁሉ ጫማ ብቻ ነው። … ብሉማ መጡ። ያቺን ጠቅልለው ያስቀመጧትን ቤግል አመጡልኝ … «ለራሴ ናት» ያሉኝ እኮ ውሸታቸውን ነው። ከላይ ሲወርዱ ጀምሮ ለኔ ነው የያዟት … ሰምተዋል ለካ፣ እኚህ ሴትዮ ሁሉንም ሰምተዋል። … ምንም የለባትም፣ ቅቤ እንኳ። ደረቅ ናት። እንቁላሏም ግማሽ ቅርፊት አላት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አልከተቷትም።

— እበላለሁ። … አንቺም ብዪ፣ ያንን እንጆሪሽን። አብረን፣ እሺ? ሽማግሌውን አመስግኚልኝ። … አንዴ ልጉረስ …

— …

— አይወርድም፣ ፔኒና። … አይወርድም … ናፍታሊዬ … 

— … እ? … እሺ፣ እማማ፣ አንድ ደቂቃ … እሺ አልኩ እኮ! … ልዘጋው ነው፣ ፔኒና። እናትሽ እየተቆጡኝ ነው፣ ሐዘንተኛ ሲቆርስ ስልክ አያወራም ይላሉ።